ለወሬኛ ልጅ ወላጆች

በጋይንትም ሆነ በስማዳ፣ በእስቴም ሆነ ከዚያ ወዲያ፣ በየሠፈሩ አንድ ወሬኛ ልጅ አይጠፋም። ጥጃ መልስ ተብሎ ይላካል፤ ጥጃውን ትቶ የጅብ ወሬ ይዞ ይመጣል። ጅብ በጠራራ ፀሐይ ምን ሊሠራ እንደወጣ ሲጠየቅ አይደናገጥም። «ልጇ ጠፍቶባት ነው» ይላል፣ ጅቡን በአንድ ትንፋሽ እናት አድርጎ። የቤቱ መልስ የታወቀ ነው። አባት «ቀባጣሪ!» ይላል፤ እናት «ጥጃውስ?» ትላለች፤ ታላቅ ወንድም ነገሩን በኩርኩም ይዘጋዋል። በጥጃው በኩል እኔም ከእናትየው ጋር ነኝ፤ ጥጃ ከላሟ ጋር ከተገናኘ የማታው ወተት ተረት ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ጥጃው ከታሰረ በኋላም የጅቢቱ ልጅ የት እንደጠፋ የሚጠይቅ ሰው የለም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በሙሉ ስለዚያ ስላልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ልጁ ያለምክንያት ለወጣ አውሬ ምክንያት ፈልጎለታል። አዲስ አበባ ላይ ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም የዚህን ልጅ ያህል አይችሉበትም።

እንዲህ ያለው ልጅ ከፍ ሲል «ፊልም እሠራለሁ» ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ኩርኩሙ ወደ ምክር ይለወጣል። ምክሩም አብዛኛውን ጊዜ «ይህ የከተሜ ነገር ነው፣ እኛ አናውቅበትም» በሚል ይጀምራል። እኔ ግን የፈጠራ ሰው እንዴት እንደሚያድግ ከዚህ አገር አብልጦ የሚያውቅ አገር መጥራት ይቸግረኛል። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም ጋይንት ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም ከደቡብ ጎንደር አይወጣም። ጨጨሆን ተሻግረው ሲሄዱ የዋድላ፣ ዓባይን ሲሻገሩ የዋሸራ የቅኔ ቤቶች አሉ። የቅኔ ተማሪን ውሎ ያየ ሰው ይመስክር። ልጁ ከጉባኤው ይወጣል፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ደበሎውን ይከናነባል፣ ቀኑን ሙሉ ለብቻው ያጉተመትማል። አይቆፍርም፣ ከብት አይጠብቅም። መንገደኛው ግን ሥራ ፈት አይለውም፤ ቅኔ እየቆጠረ መሆኑን ስለሚያውቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል፣ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከደጅ ሲቆምም ቁራሹን አይነፍገውም። ተማሪው የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የትናንቱን ቢደግም አይቀበሉትም፤ የጓደኛውን ቢያመጣ ያፍራል፤ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ወደ ዛፉ ይመለሳል። በሌላው ዓለም የፊልም ትምህርት ቤቶች በብዙ ገንዘብ የሚሸጡት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ እነሱም ዘንድ ተማሪው አዲስ ሥራ ያመጣል፣ መምህሩ እስከ መጨረሻው ይሰማል፣ ከዚያ ያለ ርኅራኄ ያርማል። አሁን ያንኑ ልጅ ደበሎውን አስወልቁና ስልክ አስይዙት። በዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያንኑ ማጉተምተም ቢያጉተመትም፣ ያው መንገደኛ ቆም ብሎ «የማን ልጅ ነው? ምን ነካው?» ብሎ ይጠይቃል።

ድጓውንና ቅኔውን አብሬ የጠራሁት በምክንያት ነው። የድጓ ተማሪ የተሰጠውን ከነምልክቱ ሳያጎድል ይይዛል፤ የቅኔ ተማሪ ያልነበረውን ያመጣል። ተረት ለሚወድ ልጅ ሁለቱም ያስፈልጉታል። ከአያቱ የሰማውን ሳያዛባ መንገር ያልለመደ ልጅ የራሱን ሲፈጥር ከመካከል ይጠፋበታል፤ መያዝ ብቻ የለመደውም የሰው ሲደግም ይኖራል። የቤት ውስጡ ትምህርት ይህን ሁለቱንም ያውቃል። እንቆቅልሽን ተመልከቱ። «ምን አውቅልህ» ብሎ ተቀብሎ መልሱን ያጣ ልጅ አገር መስጠት አለበት፣ ጠያቂው ደግሞ አገር ያማርጣል። አርብ ገበያን ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል፣ ደብረ ታቦርን «እሱንስ አውቀዋለሁ» ብሎ ይመልሳል፣ አዲስ አበባ ሲባል ይስማማል። ከዚያ ሄዶ የማያውቅበትን ከተማ በቃሉ ይሠራዋል፤ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ ማን ደግሶ እንደተቀበለው ይዘረዝራል፣ በመጨረሻም ያን ሁሉ ድሎት ለተሸናፊው ስድብ ማጣፈጫ ያደርገዋል። ቦታ መረጠ፣ ሰው አስገባ፣ ታሪኩን ከፍ አድርጎ ወስዶ ተመልካቹን በሳቅ ጣለ። ተሸናፊው ከስድቡ ይልቅ የሚናደደው በአነጋገሩ ማማር ነው፤ በነጋታው የተሻለ አዘጋጅቶ የሚመጣውም ስለዚሁ ነው። በነሐሴ 13 ቡሄ ሲጨፍሩ የሚዞሩትን ልጆች ደግሞ አስቡ። አውጪው በየደጁ ግጥሙን ለቤቱ ጌታ እንዲስማማ አድርጎ ይለውጠዋል፤ ሙልሙሉ የሚወፍረውና የሚቀጥነው በዚያ ልክ መሆኑን ገና በልጅነቱ ተምሮታል። ተመልካችን ማወቅ የሚባለው ትምህርት ይኸው ነው፣ ክፍያውም በዳቦ ነው። በዚያ ቀን «ሥራ ፈት» የሚል አባት አይገኝም።

ከዚህ አፈር ወደ ፊልም የሚወስድ መንገድ የለም ለሚል ሰው የምጠራው ስም ኃይሌ ገሪማ ነው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ የአርበኞችን ታሪክ በ«ጎንደሬ በጋሻው» የጻፉ፣ ቴአትርም የሚጽፉና የሚያሳዩ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውንም ከተዋንያኑ ጋር አሰልፈውታል። አያቱ ከእሳት ዳር ተረት ይነግሩት ነበር። ይህን ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ከሱ ጋር የሚናገረው አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ እኔ ከሁሉ የምመርጠውም እሱን ነው። ጎንደር ሲኒማ ገብቶ ታርዛንን ሲያይ፣ አፍሪካውያኑ ታርዛንን ከኋላ ሊይዙት ሲጠጉ እሱና ጓደኞቹ ለታርዛን ያስጠነቅቁ ነበር። የአርበኛ ጸሐፊ ልጅ፣ የአያት ተረት የጠገበ ልጅ፣ ጨለማው ውስጥ ለነጩ ሰው ይጮኻል። ማንንም ልወቅስበት አይደለም፤ ካሜራው ከማን ወገን ቆሞ እንደሚያይ ልጅ በራሱ አይገባውም። ሲገባው ግን እሳት ዳር የሰማው ተረት መመለሻ መንገድ ሆነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ መጀመሪያ ቺካጎ ቴአትር፣ ኋላም ሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። ተማሪ ሳለ አገሩ ተመልሶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በወረዱበት ግርግር መካከል፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የገበሬና የባለርስት ታሪክ በጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጸ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ያ ነው። «ጤዛ» የተሰኘው ፊልሙ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን አገኘ፣ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። ነገሩ በዚህም አላበቃም፤ ልጁ መራዊ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2020 «ሬዚዱ» የተሰኘውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ቬኒስ ላይ አሳየ። «እንግዲህ ዘር ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ዘር ቢሆን ኖሮ አያት፣ አባትና ልጅ ያው አንድ ሥራ በሠሩ ነበር። አንዱ ቴአትር፣ ሁለቱ ፊልም፣ የመጨረሻውም በባዕድ አገር ስለተወለደበት ሠፈር። በሦስቱ ቤት ያልተቋረጠው ልጅ ሲያወራ የሚያዳምጥ ሰው መኖሩ ነው።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልስማ። ከሁሉ የሚቀድመው የእንጀራ ነገር ነው፤ ይህን ተቃውሞ የሚያቃልል ሰው ራሱ የጠገበ መሆን አለበት። እውነት ነው፣ ፊልም አብዛኞቹን ሠሪዎቹን አያበላም። ኃይሌ ገሪማ እንኳ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ «ጤዛ»ን ለመጨረስ ከአሥር ዓመት በላይ ገንዘብ ሲያሰባስብ ቆይቷል። ይህን ሰምቶ አባት ልጁን ወደ ሕክምና ቢገፋ አልፈርድበትም። ነገር ግን ማበረታታት ማለት ልጅን በአሥር ዓመቱ መቅጠር ማለት አይደለም። ነገርን ከየት ጀምሮ የት እንደሚጨርስ የሚያውቅ፣ የሰማውን ሰው ዓይን እያየ የሚናገር ልጅ በዚህ አገር ጦሙን ያድራል ብሎ ማሰብ የአገሩን ታሪክ አለማወቅ ነው። በላ ልበልሃ ተሟጋቹ ከነበትሩ፣ ከነአነጋገሩ፣ ከነአቋቋሙ የሚታይበት አደባባይ ነበር፤ መሬቱ እውነት ከያዘው ሰው ይልቅ እውነቱን አሳምሮ ላቀረበው ይሄዳል የሚል ሐሜትም አላጣውም። የዛሬው ዳኛ ማስረጃ በወረቀት ቢልም፣ የድንበር ክርክር ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ አሁንም ያው ነው። ዝናብ ሳይጥል ስለ ማዳበሪያ የሚያስረዳው የግብርና ባለሙያ፣ ክትባት የምታስተዋውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ አርባ ልጅ ከፊቱ ያስቀመጠ መምህር፣ ሁሉም የሚበሉት ተረት ከመንገር ችሎታቸው ነው። ልጁ ፊልም ባይሠራም ችሎታው አይበላሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ «እንጀራ አይሆንም» የሚለው ተቃውሞ ለቆሎ ተማሪው አልተነሳም። እሱም ሲማር ለምኖ ነው የበላው፣ አገሩም ሲሰጠው አላጉረመረመም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ውሸት ይለምዳል» የሚለው ነው። ይህ ሲነሳ ደቡብ ጎንደር ራሷ ትንሽ ፈገግ ብትል ደግ ነው። ከዚህ አገር ሊቃውንት መካከል በአገሪቱ ሁሉ፣ በየጠላ ቤቱ ሳይቀር፣ ስማቸው የሚነሳው የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ታላቅ ሊቅ ነበሩ፤ ደብረ ታቦር ላይ የተክሌ አቋቋም የሚባለው ከሳቸው ጋር ይነሳል። ሕዝቡ ግን የሚያወራው ቀልዳቸውን ነው፣ ከቀልዱም እኩሌታው እሳቸው ያልተናገሩት መሆኑን ማንም ይጠረጥራል፣ ማንም ግን ተራኪውን በሐሰት ምስክርነት አልከሰሰም። ለምን? ተረት የሚነገርበት ደንብ አለውና። «ተረት ተረት» ብሎ የጀመረ ሰው፣ «የላም በረት» ብሎ ከመለሰለት አድማጭ ጋር ውል ገብቷል። ከዚህ ውል በኋላ ጦጣ ብትናገር ውሸት አይባልም፤ ከመዝጊያው በኋላ ግን ስለ ጥጃው የሚነገረው ሁሉ እውነት መሆን አለበት። በሩ የት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ነው የሚያስቸግረው። ወላጅ ሊያስተምረው የሚገባውም ይኸን በር ነው፦ «ይህ ተረት ነው ወይስ ያየኸው?» ተረት ነው ካለ «እህስ?» ይባላል፣ ያየሁት ነው ካለ ይጣራል። በተለይ ዛሬ፣ የተቆራረጠና የተቀጣጠለ ምስል በየስልኩ እየገባ ሰውን ከሰው በሚያጋጭበት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በራሱ እጅ ቆርጦ የቀጠለ ልጅ ከመላው ቤተሰብ ያነሰ ይታለላል። ትናንት ጠዋት የቀረጸውን የአያቱን ሳቅ ከማታው ቀብር ቀጥሎ ቢያስገባው ምን እንደሚመስል አይቷል። ሌላው ሰው ምስሉን ሲያምን እሱ «ይኼኛው ከዚያኛው ጋር አልተቀረጸም» ይላል።

ስልክ ያበላሸዋል ለሚለው ስጋት ግማሹን እሰጣለሁ። ሲያገላብጥ የሚያመሽ ልጅ አደጋ ላይ ነው፤ ሲሠራ የሚያመሽ ልጅ ግን ሌላ ነው፤ ልዩነታቸውም በቀላሉ ይታወቃል። አንዱ ቻርጅ ሲያልቅበት ይነጫነጫል፣ ሌላው ቻርጅ ሲያልቅበት ምን እንደጎደለው ይነግርሃል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል፣ የስልክ ኢንተርኔትም ረዘም ላለ ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ ሆኖም የስልኩ ካሜራ ኔትወርክ አይጠይቅም። መሣሪያ የለንም የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ሕፃናትን በአማርኛ ፊደልና ንጽሕና ያስተማረችው ቀጭኔ፣ የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች»ዋ ፀሐይ፣ ስትጀመር የካልሲ አሻንጉሊት ነበረች፤ አስተማሪዋ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ነገሩን ከቤታቸው ነው የጀመሩት። ከዚያ በፊት ደግሞ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ አርባ ዓመት ያህል የቴሌቪዥን ሕፃናትን የያዙት በድምፃቸውና በፊታቸው ነው። ስማዳ ላይ ያለ አሮጌ ስልክ ከዚያ ካልሲ ይሻላል። የቀረው የእጅ ብልሃት ነው። ጎጆ ቤት ውስጥ ብርሃን የሚገባው በበሩ ነውና ተናጋሪውን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ማስቀመጥ፣ ስልኩን ከበሩ ወገን ማድረግ። ስልኩን በእጅ ከመያዝ ከምሰሶው ጋር ማስደገፍ። ንፋስ መውጫ ላይ ደግሞ ከተማዋ ስሟን በከንቱ አላገኘችምና፣ የስልኩን ጆሮ በጋቢ ጫፍ ሸፈን ካላደረጉት ከንግግሩ የሚቀረጸው ንፋሱ ብቻ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የወላጅ ወጪ ባትሪ ለማስሞላት የሚከፈለው ሳንቲም ነው።

መሣሪያው ከተገኘ በኋላ ያለው ችግር ከመሣሪያው ይከብዳል፤ ምን ይቀረጽ? የልጁ የመጀመሪያ ድርሰት ብዙ ጊዜ አንድ የናጠጠ ሀብታም፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ የተሰበረ ልብና አንድ ፖሊስ አለበት። ሶፋው ከአዲስ አበባ ፊልም የመጣ ነው፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ለማግኘት ቢቻልም፣ ልጁ ግን የሚቀርጸው ከመደብ ላይ ነው። አይሳቅበት፤ ኃይሌም በታርዛን ነው የጀመረው። ይልቅ ይጠየቅ፦ ከዚህ አገር ማን አለበት? ይህች ጥያቄ ከሁሉም ድጋፍ ትበልጣለች፣ መልሱም በዙሪያው ሞልቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እያስቆፈሩ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሱ፣ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ፣ በዋድላና በደላንታ አድርገው መቅደላ ያደረሱት ይኸው ልጅ የሚኖርበትን አገር አቋርጠው ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ሜዳ ላይ ሲዋጉ አውሮፕላን ከላይ ወረቀትና ቦምብ ጣለባቸው፤ እዚያው ወደቁ። አውሮፕላን ምን እንደሆነ የማያውቅ ወታደር ያን ቀን ቀና ብሎ ምን ብሎ ይሆን? ይህን የሚመልስ መዝገብ የለም፤ ልጁ ሊመልሰው ይችላል፣ ተረት ነው ብሎ አስታውቆ። ጦርነትም ባይሆን የጉና ብርድና የድንች እርሻ አለ፣ ዓባይና በሽሎ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ መርሐ ግብር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው የኢትዮጵያ ፊልም፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»፣ ነገሩ ሁሉ አንድ ልጅና አንዲት በግ ናቸው። እናቱ ሞታበት ዘመድ ቤት የተቀመጠ ልጅ፣ በጓን ለበዓል እናርዳለን ይሉታል፣ እሱ ደግሞ ከሞፈሩ ይልቅ ወጥ መሥራት ይወዳል፣ አጎቱ በዚህ ይናደዳል። አጎትየውን ጋይንት ውስጥ ለማግኘት ብዙ መሄድ አያስፈልግም። ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ የታየው ታሪክ፣ እዚህ ስማዳ ላይ ባለቤቱ ገና «ቀባጣሪ» እየተባለ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሴት ልጅን አልጠራኋትም፤ አገሩም ብዙ ጊዜ አይጠራትም። ተረቱን የያዙት አያቶች ሴቶች ሆነው ሳሉ፣ ስልኩ የሚሰጠው ለወንዱ ነው። እሷ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ሕፃን ስታዝል ትውላለች፤ ስትመለስ የሚጠብቃት ሊጥ ነው። ይህን ወላጅ በአንድ ቀን ይለውጠው ማለት ቀልድ ይሆናል። ነገር ግን ምድጃ ዳር የሚነገረውን ለመስማት ከሷ የቀረበ ማንም የለም፤ አያቷ ለወንድሟ የማይነግሩትን ለሷ ይነግሯታል። ስለዚህ ስልኩ ቢያንስ ማታ ማታ፣ ምጣዱ ከወረደ በኋላ፣ በሷ እጅ ይሁን። ለዚህም ተቃውሞ ይኖራል፣ አውቃለሁ፤ በአብዛኛው የሚመጣው ስልኩን ለራሱ ከፈለገው ወንድም ነው፣ ያንን ደግሞ ኩርኩም ይፈታዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚነገረው፣ እንግዳ ከሄደ በኋላ፦ «ይህ ልጅ ገመናችንን ያወጣዋል።» እዚህ ላይ ልብ ይባል፤ «ውሸት ይለምዳል» ያለውም ይኸው አባት ነበር። አሁን የሚፈራው እውነቱን እንዳይናገር ነው። ከተቃውሞዎች ሁሉ ልክ ያለው ግን ይህ ነው፣ ከዚህ በላይ ለልጁ የተሰጠ ምስጋናም የለም። ካሜራ የያዘ ልጅ አባቱ ገበያ ላይ በሬውን ሲሸጥ ስለ ዕድሜው ምን እንዳለ ያውቃል፤ ከጎረቤት ጋር ያለው የወሰን ጠብ በማን ጥፋት እንደተጀመረ፣ አረቄው የት እንደተደበቀ ያውቃል። ታዲያ ሁሉም ይቀረጽ አይባልም። ሰው ፊቱ ከመታየቱ በፊት ይጠየቅ፣ አይሆንም ካለ ይተው፣ ያለቀውም ለጎረቤት ከመታየቱ በፊት ቤተሰቡ ይየው። ይህን ደንብ ያስተማረ ወላጅ ብዙ የታወቁ ባለሙያዎች ያልተማሩትን አስተማረ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ጥፋት የሌለበትን ቤት ካልቀረጽህ ማለት የለበትም፤ እንዲህ ያለውን ፊልም የገዛ ዘመድ እንኳ እስከ መጨረሻው አያየውም። መጀመሪያ በሬው ይቀረጽ፣ በሬ ቅሬታ አያቀርብም። ከዚያ አያት ይቀረጹ፤ ነጠላዬን ልቀይር ይላሉ፣ ይቀይሩ፤ ከቀየሩ በኋላ ደግሞ ተረቱን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ይላሉ፣ ይጀምሩ። አባት «እኔን አትቅረጸኝ» ብሎ በር ላይ ይቆማል። ፊልሙን በሦስተኛው ቀን ማታ፣ መላው ቤተሰብ በአንዲት ትንሽ ስልክ ላይ ተደፍቶ ሲያይና ሲስቅ፣ ከሁሉ በፊት «እኔስ የታለሁ?» ብሎ የሚቆጣው ግን እሱ ነው።